የወንድሜ ተረከዝ

ታናሽ ወንድሜ ጫማውን በሥርዓት አጥልቆ አያውቅም ነበር። ኋላውን በተረከዙ ረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተ ነው የሚሄደው። በሮቤ ጭቃ እንዲህ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይታወቃል፤ ከመልኩ ድምፁ ይቀድማል። እኔ ደግሞ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ጫማዬን በየጠዋቱ ራሴ እቀባለሁ፣ ክሩን አጥብቄ አስራለሁ። ስለዚህ ባየሁት ቁጥር እቆጣው ነበር። «ጫማውን የሚረግጥ ሰው ነገ ቃሉንም ይረግጣል» እለዋለሁ። አባባሉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።

እሱ ይስቅና «ጋሼ፣ ቃሌ ተረከዝ የለውም» ይለኛል።

አባታችን የሞተው እኔ አሥራ ሰባት፣ እሱ ስድስት ዓመት ሳለን ነው። ወደ ጎባ ገበያ ሲወጣ፣ ዳገቱ ላይ ከበቅሎው ወርዶ «ትንሽ ልረፍ» እንዳለ በዚያው ቀረ። አርባ አልሞላውም ነበር። ሰፈሩ ገሚሱ ምች ነው አለ፣ ገሚሱ የሰው ዓይን። እኔ ስጎለምስ የራሴን ምክንያት አገኘሁለት። አባታችን ከዲንሾ የሚመጣውን ለጋ ቅቤ ይወድ ነበር፤ በገንፎው መሐል ጉድጓድ ተቆፍሮ ካልተሞላለት አይጎርስም። ሆዱን ያልገዛ ሰው ሕይወቱን አይገዛም ብዬ ደመደምኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሟች አባቴ ላይ ፈረድኩ ማለት ነው።

ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ ሥራ ገባሁ፤ እናታችን ከአባታችን ቀድማ ስላረፈች ወንድሜንም እኔ አሳደግሁት። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከወደቀ መዝገበ ቃላት በየቀኑ አሥር አሥር ቃል እየሸመደድኩ ተማርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የእርሻ መጽሔት፣ የጤና መጽሐፍ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ ሲሳሳት የሚያርመው የለም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በደርግ ዘመን ሥራዬ የእህል መጋዘን ተረካቢነት ነበር። አራት ተረካቢዎች ነበርን። ከመንግሥት እርሻዎች ስንዴ የጫኑ መኪኖች ይመጣሉ፤ በሩ ላይ ሆነን የጭነቱን ወረቀት አይተን፣ እህሉን ዳሰን፣ በር አስከፍተን እናስገባለን። ተረካቢ ካልፈረመ አንድ ጆንያ አይገባም። የቦና አዝመራ፣ የዓመቱ ትልቁ አጨዳ፣ ሲደርስ ሮቤ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ሜዳው እስከ ዓይን ዳርቻ ቢጫ ነው፤ ነፋሱ የገለባ ሽታ ይዞ ይገባል፤ የመኪናው ሰልፍ ከመጋዘኑ በር ጀምሮ መንደሩን ያቋርጣል። ሹፌሮች ከጭነታቸው ሥር ሻይ ያፈላሉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰዳደባሉ፣ መልሰው ይሳሳቃሉ። የዚያን ዘመን ክፉውን ሁሉ አልረሳሁም፤ የመኪኖቹ ሰልፍ ግን ሲታወሰኝ ደስ ይለኛል። ወንድሜ ያን ጊዜ የኮምባይነር ነጂ ነበረ። አቧራ ለብሶ ከሜዳ ሲመለስ በመጋዘኑ በር ያልፋል፤ «ጋሼ፣ ያጨድኩትን በደንብ ይረከቡልኝ፤ አንዷን ፍሬ ረግጫታለሁ» ብሎ በጫማው ይቀልድብኛል።

አንድ ዓመት ግን በአዝመራው ወገብ ላይ ከአራታችን ሁለታችን ለውይይት ክበብ ተጠርተን አሰላ ሄድን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ምርት ማደግ ስንወያይ ከረምን። ስንመለስ የመኪናው ሰልፍ በእጥፍ ረዝሞ አገኘነው። በሩን የያዙት ሁለቱ ባልደረቦቻችን ሌት ተቀን ሠርተው ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ካፊያ ጥሎ ስለነበር ሸራ የሌላቸው መኪኖች ረጥበዋል። ከጆንያ ቀዳዳ የፈሰሰው ስንዴ በመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ በቅሏል፤ የጋሪ ፈረሶች ቆመው ይግጡታል። መጋዘኑ ውስጥ ግን ወለሉ ይታያል። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ወንድሜ ሠላሳውን እንዳለፈ በዓይኖቹ ቆብ ላይ፣ በአፍንጫው በኩል፣ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። የሻይ ቤት ሰው «ቅቤው በዓይኑ ወጣ» እያለ ያሾፍበት ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ዳገት ሲወጣ ደረቱን መያዝ፣ ቆም ማለት አመጣ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ተራራውን እያየሁ ነው» ይላታል። ሚስቱ ያን ጊዜ ሴት ልጅ ወልዳለት ነበር፤ ሕፃኗ ገና ዓመት አልሞላትም።

እኔ ራሴ እየጎተትኩ ወደ እርሻው ክሊኒክ ወሰድኩት። ደሙ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ድሬሰሩ በደሙ ውስጥ ቅባቱ ከመጠን በላይ መብዛቱን ነገረን፤ ኮሌስትሮል የሚሉት ነው። ቅቤና የሰባ ሥጋ ይቀንስ፣ ከወር በኋላ ደሙ እንደገና ይታይ አለ። ምክሩ ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ እኔ ከምክሩ ላይ ያስነሣሁት ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ከሐዘኔ በላይ እርካታ ተሰማኝ። ለዓመታት ስሰብክበት የኖርኩት ነገር በላቦራቶሪ ወረቀት ተጽፎ መጣልኝ። አባቱም በቅቤ ሞተ፣ ልጁም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ጊዜውም ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት የቀረው ነበር። መድኃኒቱ ከእኔ በላይ ለማን ሊገለጥ? አስቀምጬ ነገርኩት። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳያጎድል ይጾማል፤ ከፋሲካም በኋላ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ጽጌን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን። ካህን እንኳ የማይደፍረውን ጾም ሁሉ ደረደርኩለት። ቅባት የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። እሱ «እሺ ጋሼ» አለ። ለሕፃኗ ሲል ነው እሺ ያለው፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነበረ።

ወንድሜ ከሁሉ የሚወደው ጩኮ ነበር፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ የታሸ። ይህን አሳምረው የሚሠሩት የጓደኛው እናት ናቸው፤ ከጊኒር መጥተው ሮቤ የከተሙ ሙስሊም ባልቴት፣ ከልጃቸው ለይተው አያዩትም። ከሥራ ሲመለስ እሳቸው ቤት ጎራ ሳይል አያልፍም። «ኮቱ፣ ልጄ፣ ና» ብለው የጩኮውን ጮጮ ከመደርደሪያ ያወርዱለታል። በጾሙም ወራት ወደ እሳቸው ቤት መሄዱን አላቆመም። እኔ ይህን ልብ ብዬ ያዝኩት።

በጾሙ አጋማሽ ደሙ እንደገና ተቀዳ። ወረቀቱ የመጣው በሰሙነ ሕማማት ነው። ቅባቱ የወረደው ለስሙ ያህል ብቻ ነው፤ ከሰው በላይ እንደሆነ ነው ያለው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ባልቴቷ ቤት ሄድኩ። ወንድሜ፣ ልጃቸውና ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት፣ መደብ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ያለው ሳህን ላይ ቆሎ፣ ከጎኑ ወተት የሌለው ሻይ። እኔ ግን የታየኝ መደርደሪያው ላይ ያለው ጮጮ ነው።

በሰው ፊት፣ በሰው ቤት፣ «ደምህ መሰከረብህ» አልኩት። በሕማማት እየዋሸህ ነው፣ ጾም እየበላህ እኔን ታታልላለህ፣ ለሕፃን ልጅህ እንኳ አታዝንም አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ የቀረውን መጻፍ አልፈልግም። ባልቴቷ ተነሥተው በእኔና በእሱ መሐል ቆሙ።

«ያ ኦቦ፣» አሉኝ፣ «ወላሂ ይህ ልጅ በዚህ ቤት ቅቤ ከቀመሰ ሁለት ወሩ ነው። ጮጮው እንዳይሸተው ብዬ ክዳኑን በጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

አላመንኳቸውም። የእሳቸውን መሐላ ከወረቀቴ አሳንሼ አየሁት። ወንድሜ ጫማውን ረግጦ ተነሣና በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ ያለ አንዳች ቀልድ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አሳድገውኝ አያውቁኝም?» ብሎኝ ወጣ።

በእኛ ቤት ልማድ ፋሲካ የሚፈሰከው ከአንድ ማዕድ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለወንድሜ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ፤ ካገባም በኋላ ሚስቱን ይዞ ይመጣል። የዚያን ዓመት አልጠራሁትም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ለመነችኝ። «የዋሸ ሰው ከማዕዴ አይቆርስም» አልኳት። ዶሮው ቀረበ፣ ልጆቹ ዓይን ዓይኔን አዩ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማን እንደምሰጥ ጠፍቶኝ ራሴ ጎረስኩት። እንደዚያ ያለ የመረረ ቁራሽ በአፌ ገብቶ አያውቅም፤ ግን ዋጥኩት። እልህ እንዲህ ነው፤ መራራውን ሳይቀር ያስውጣል።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግስት በር ላይ ሆኜ ጭነት ስረከብ አንድ የእርሻው ሹፌር ከመኪናው ሳይወርድ ጠራኝ። ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲገፋ ወድቋል፤ ጎባ ሆስፒታል ወስደውታል። ብዕሬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ከዚያው ሹፌር ጎን ወጣሁ። አባታችን የቀረበትን ዳገት ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው፤ ሳልደርስ እንዳይሞት። ከመዳኑ ይልቅ የዋሸ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ከአፉ መስማት ፈልጌ እንደነበርም አልክድም።

በሕይወት አገኘሁት። ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ሐኪም አልጋው ዳር ቆሟል። ደረቱን መርምሮ ጨርሶ ኖሮ አሁን ብርድ ልብሱን ከእግሩ በኩል ገልጦ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቱ ይዳስሳል። ያ ቦታ እንደ ገመድ ወፍሮ፣ ጉብ ጉብ ብሏል። ስንት ዓመት እየተቆጣሁት አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ወንድሜን የአገር ጫማ ሁሉ ኋላው እዚያ ላይ እየፈተገ ያሳምመው ነበር፤ ለዚህ ነው የሚረግጠው።

ሐኪሙ ስለ አባታችን ጠየቀኝ። እየመለስኩለት ሳለሁ ትዝ አለኝ፤ እናታችን የአባታችንን ጫማ ኋላ በምላጭ ትቆርጥለት ነበር። «እግሩ ጫማ አይችልም» ትል ነበር። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና እኔንም ጫማዬን እንዳወልቅ አዘዘኝ። በጥብቅ ያሰርኩትን ክር ፈታሁ። ጅማቴ ቀጭን ነው፤ ንጹሕ ነው። ደሜንም አስቀድቶ ላከ፤ በኋላ ውጤቱ ሲመጣ እንደ ማንም ጤነኛ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ከክፍሉ አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ አስቀመጠኝና ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፈገግ አለ።

«እንግዲያው ለእርስዎ ማስረዳት ቀላል ነው» አለኝ።

ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፍ። ሰውነታችን ከዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ ያለው ትንሽ መጋዘን ነው። ግድግዳውን ለመሥራትና ለመጠገን ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ቅባት ደግሞ ከደም ጋር ስለማይዋሐድ ብቻውን አይጓዝም። ከፕሮቲን በተሠራ ሽፋን ተጭኖ ይጓዛል፤ የጭነት መኪናው ይህ ነው። በየሕዋሱ በር ላይ ተረካቢዎች አሉ። መኪናው ሲያልፍ በሽፋኑ ላይ ያለውን ምልክት፣ እኛ የጭነት ወረቀቱን እንደምናይ፣ ለይተው ይይዙታል። በሩ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይልና እንደ ኪስ ሆኖ መኪናውን ከነጭነቱ ይውጠዋል። ውስጥ ሲገባ መኪናው ይፈታታል፣ ጭነቱ ይራገፋል፣ ተረካቢው ወደ በሩ ተመልሶ ሌላውን ይጠብቃል። መጋዘኑ ሲሞላ ተረካቢዎቹ ከበር ይቀነሳሉ፤ ቅቤ የሚያበዛ ሰው የሚጎዳው በዚህም ጭምር ነው። ትልቁ መጋዘን ጉበት ነው፤ አብዛኛውን መኪና ከመንገድ የሚያነሣው እሱ ነው። ይህ ሁሉ የታወቀው በቅርብ ዓመታት መሆኑንም ነገረኝ።

«ወንድምዎ ሲወለድ ጀምሮ ከተረካቢዎቹ ግማሹ የሉም» አለኝ። «ከአባቱ የወረሰው ነው። መኪኖቹ በር አጥተው በደም ሥሩ ይንከራተታሉ፤ ጭነታቸው ደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይፈስሳል። ተረከዙ ላይ የሚያዩት፣ ዓይኑ ላይ የሚያዩት፣ ያው የፈሰሰው ነው። ልብን የሚመግበው ደም ሥር ውስጥ ሲሆን ግን መንገዱን ያጠበዋል።»

ዓይኔ ላይ የመጣብኝ ከአሰላ የተመለስንበት ቀን ነው። ሁለት ተረካቢ የቀሩበት በር፣ የረዘመው ሰልፍ፣ መንገድ ዳር የበቀለው ስንዴ፣ ወለሉ የሚታይ መጋዘን። ሹፌሮቹ አላጠፉም፤ አጫጆቹም አላጠፉም።

«ታዲያ ጾሙስ?» አልኩት። ድምፄ እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነበር። «አንድ ወር ያህል በእውነት የጾመ ሰው ደሙ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ይችላል?»

«ይችላል። ቅቤ ባይገባም ጉበቱ ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል፤ መጋዘኑ የጎደለ ስለሚመስለው እንዲያውም አብዝቶ ይሠራል። የዚህ ሰው ደም የሚናገረው ስለ አባቱ ነው፤ ስለ አፉ አይደለም።»

ከሁለት ልጆች አንዱ ሊወርሰው እንደሚችል ጨመረልኝ። ከአንድ አባት የተወለድን ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ እሱን ደረሰው፣ እኔን ዘለለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጤናዬን የጽድቄ ደሞዝ አድርጌ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ለዚያ ደሞዝ አንዲት ቀን እንኳ አልሠራሁም።

የሚያድን መድኃኒት አለ ወይ አልኩት። በእኛ አገር እጃችን ላይ የለም አለኝ፤ ስላልሸነገለኝ አከበርኩት። ደረቱን ሲይዘው ከምላስ ሥር የሚያኖረው ኪኒን ይሰጠዋል፣ ከባድ ሥራ ይተዋል፣ ከቅቤ ይርቃል፤ ቀሪው ዕድሜው ስንት እንደሆነ አይታወቅም።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። እኛ ቤት ትልቅ ታናሹን ይቅርታ አይጠይቅም፤ አባቴ ሲያደርገው አላየሁም፣ እኔም አድርጌው አላውቅም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ «ጾመሃል። አሁን ነው ያወቅሁት። ይቅር በለኝ» አልኩት። ሐኪሙ ያስረዳኝን፣ መጋዘኑንም ተረካቢዎቹንም እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ስለዚህ የእኔዎቹ ተረካቢዎች ከውይይት ክበብ አልተመለሱም በሉኛ» አለ።

እኔም እሱም ሳቅን፤ ደረቱን ይዞ ሳቀ፤ እባክህ አትሳቅ እያልኩ እኔ ራሴ እንባዬ ወረደ። በማግስቱ ባለቤቴ የሠራችውን ሽሮ ይዤ ጎባ ወጣሁ። ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረስኩት። ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል፤ የእኛ ግን ያን ቀን ነበር።

ሮቤ እንደተመለስኩ ወደ ባልቴቷ ቤት ሄድኩ። በሰው ፊት የበደልኩትን በሰው ፊት መመለስ ስላለብኝ ያኔ የነበሩትን ሁለቱን ጎረቤቶች ጠርቼ አብረውኝ ገቡ። ባልቴቷ ጮጮውን አውርደው ክዳኑ ላይ ያለውን የጨርቅ ቋጠሮ ሳይፈቱ አሳዩኝ፣ መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ «ቁጭ በሉ» አሉኝ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ኖረ። ከኮምባይነር ወርዶ ነዳጅ ቀጂ ሆነ። ከሥራ ሲወጣ መጋዘኑ በር ድረስ እየጎተተ ይመጣና ጆንያ ላይ ተቀምጦ መኪና ይቆጥርልኛል። ጫማህን በሥርዓት አድርግ ማለቴን ትቻለሁ፤ እንዲያውም አዲስ ጫማ ስገዛለት ኋላውን በምላጭ የምቆርጥለት እኔ ሆንኩ። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ ያሳለፍኩት ጊዜ ቢኖር እነዚያ አመሻሾች ናቸው። የገለባው ሽታ፣ የሹፌሮቹ ጫጫታ፣ የእሱ ቀልድ። የሞተው በቦና አዝመራ መጀመሪያ ነው፤ ሰልፉ ገና አልረዘመም ነበር።

ልጁን ከእናቷ ጋር አስጠግቼ እንደ ልጄ አሳደግኋት። ለእሷም ለልጆቼም ስለ ሥርዓት መስበኬን አልተውኩም፤ አሁንም ቢሆን ሰው ሆዱን ይግዛ እላለሁ። ግን የሰው ሕመም ሳይ መጀመሪያ ጥፋቱን መፈለግ ትቻለሁ። ወይም ለመተው እሞክራለሁ፤ እውነቱ ይኼ ነው።

አሥራ አራት ዓመቷን እንደያዘች፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድምፁን ሰማሁት። በግቢው ጠጠር ላይ ጫማ ሲጎተት። እንድቆጣት ጠብቃ በሩ ላይ ቆመች። ተነሥቼ ሄድኩና እግሯ ሥር ተንበረከክኩ፤ የጫማዋን ኋላ ወደ ጎን አድርጌ ጅማቷን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ቀኝ እግሯ ላይ፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ ጉብታ አገኘሁ።

«አባዬ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ይዣት ጎባ ወጣሁ። ዛሬ መድኃኒቱ አለ። እሷም አሁን አዋቂ ሴት ናት፣ የራሷ ቤት አላት፤ በየቀኑ አንዲት ኪኒን ትውጣለች። ፋሲካ ሲመጣ የመጀመሪያው ጉርሻ የእሷ ነው።